የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት መዘጋት
ከጣሊያን ወረራ በፊት በኢትዮጵያ ከነበሩት የሕንድ ነጋዴዎች ድርጅቶች ትልቁ የመሐመድ አሊ የንግድ ቤት ነበር። ድርጅቱ ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ ይልክ፣ ጨርቃ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ደግሞ ያስመጣ ነበር። በ1929 ዓ.ም. የጣሊያን ባለሥልጣናት ድርጅቱን ዘግተው ሠራተኞቹን ከአገር አስወጡ። ስለዚህ የንግድ ቤቱ የጠፋው በገበያ ውድድር ተሸንፎ ሳይሆን በመንግሥት ትእዛዝ ነው። ከ38 ዓመት በኋላ፣ በጥር 1967 ዓ.ም.፣ ደርግ ትልልቅ የግል ኩባንያዎችን በወረሰ ጊዜም የንግድ ቤቶችን ዕጣ የወሰነው አዋጅ ነበር። አስመጪና ላኪ የሆነ መደብር በድንገት ሲዘጋ ምርቱን የሚያስረክበውም ሆነ ሸቀጡን ተረክቦ የሚቸረችረው ነጋዴ ደንበኛውን ያጣል። በመሆኑም የጠፉ መደብሮች ታሪክ ከሕንፃዎቻቸው ይልቅ በተቋረጠው የንግድ ሰንሰለት ሊጠና ይገባል።