የቤተሰብ ስም የሌለው ነጋዴ

በእንጅባራና በዳንግላ መካከል የምትገኘው አዲስ ቅዳም በዲከረንስ ከሰል የታወቀችው የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ ለነጋዴው እንግዳ አይደለም። ፈተናው የሚመጣው ከውጭ ኩባንያ ጋር በኢንተርኔት ሒሳብ ልክፈት ሲል ነው።

ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል። የእኛ ሰው ያለው የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው። በአንዱ ቅጽ የአባቱን፣ በሌላው የአያቱን ስም ይሞላል፤ ሰነዶቹ ሲመሳከሩ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይገኛል፣ ክፍያውም ይያዛል። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ሲታሰብ ደግሞ ሦስተኛም ሰው ሊወጣው ይችላል። ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ሰው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ባለው ዝርዝር ውስጥ ወሩን አያገኝም፤ ቀኑን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲመልስ ይሳሳታል። አንድ ሣጥን ሲሳሳት የሞላው ሁሉ ጠፍቶ «እንደገና ይሞክሩ» የሚል መልስ ይመጣል። ኔትወርኩ የተቆራረጠ ዕለት ይህ የግማሽ ቀን ገበያ ይበላል።

ሙሉ ስምን በአንድ ሣጥን መቀበል ለቅጹ አዘጋጅ ብዙ ወጪ የለውም። እስከዚያው ነጋዴው በፋይዳ መታወቂያው ላይ በእንግሊዝኛ የሰፈረውን አጻጻፍ አንድም ፊደል ሳይቀይር በየቅጹ ቢሞላ ይበጀዋል።