ከጉርድ ሾላ ጭቃ የሚጀምር ሳይንስ

ክረምት ላይ በአዲስ አበባ ጉርድ ሾላ ከአስፋልት ወጣ ያለ ሰው ጥቁር ጭቃ ጫማው ላይ ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። በጋ ሲመጣ ያው መሬት ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ያልጠለቀ አጥርም አብሮት ይሰነጠቃል። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ይህን ያያሉ። በመጠየቅና በመመርመር የሚሰጥ የሳይንስ ትምህርት የሚነሣው ከእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ዘዴውን ከለመድነው የሚለየው ቅደም ተከተሉ ነው። በለመድነው መንገድ መምህሩ ማስታወሻ ያስገለብጣል፤ ጊዜ ከተረፈ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ሙከራ ያሳያል። እዚህ ግን ጥያቄው ይቀድማል፦ ውኃ ቶሎ የሚያሳልፈው የትኛው አፈር ነው? ተማሪዎቹ ግምታቸውን ይጽፋሉ። ሁለት ባዶ ሃይላንድ ከወገባቸው ይቆረጡና ሥራቸው ይበሳል። በአንደኛው የጉርድ ሾላ ጥቁር አፈር፣ በሌላው ከኮተቤ ዳገት የመጣ ቀይ አፈር ይገባል፤ ሁለቱም ደርቀው የደቀቁ፣ በልክ እኩል የሆኑ። ውኃው በሲኒ ተለክቶ ይፈስሳል፤ ከሥር የተንጠባጠበው ይለካል፤ የአፈሩ ከፍታ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግበታል። አንዷ ተማሪ ተነሥታ «የአንደኛው ቀዳዳ ይሰፋል» ብላ ከተቃወመች ትምህርቱ ሠምሯል። ሌላው ሁሉ እኩል ካልሆነ ልዩነቱን ያመጣው አፈሩ ነው ማለት እንደማይቻል በራሷ ደርሳበታለች።

ማብራሪያው ከዚህ በኋላ ይመጣል። የጥቁር አፈር ሸክላ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ነው፤ ውኃ በገጾቹ መካከል ሲገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ይህን መምህሩ ራሱ መናገር አለበት። ልጆችን ለብቻቸው ትቶ «አግኙት» ማለት ምርምር ሳይሆን መምህርነትን መተው ነው።

ጥያቄው የልጆች ብቻ አይደለም። በዚሁ አካባቢ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልካ በሚባልበት ዘመን፣ ከኢትዮጵያ ተቋማት ጋር በጥቁር አፈር ላይ ሠርቷል። የገበሬውን ማረሻ አሻሽለው መደብና ቦይ የሚያወጣ፣ የተኛውን ውኃ የሚያጠነፍፍ መሣሪያ አበጅተዋል።

ወደ ክፍሉ እንመለስ፦ አገራችን ከጥያቄ የሚነሣውን ትምህርት ተቃራኒም ሞክራለች። በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማ፣ ማለትም የቴሌቪዥን ትምህርት፣ ጥያቄ ይጠይቅና ተማሪው አስቦ ሳይጨርስ መልሱን ይናገር ነበር። በኋላ፣ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ኤጀንሲ (ጃይካ) ድጋፍ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሒሳብና የሳይንስ መምህራን ተግባርንና ሙከራን፣ በቅርብ በሚገኝ ቁሳቁስ መሥራትንም ሠለጠኑ። አዲስ አበባም ሥልጠናው መጀመሪያ ከተሞከረባቸው አካባቢዎች አንዷ ነበረች።

መመዘኛም አለ። የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት በተከፈሉ 26 ስታንዳርዶች መዝኖ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣል። ቤተ ሙከራ መኖሩን ማየት ቀላል ነው። በአርባ ደቂቃ ውስጥ የጠየቀው መምህሩ ይሁን ተማሪው ለማየት ግን ክፍል ገብቶ መቀመጥ ያስፈልጋል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ ይሄ ነው።

መምህሩን ወደ ማስታወሻ የሚመልሰው ግን ከመሣሪያ እጥረት ይልቅ ፈተናው ይመስለኛል። አፈር እስኪደርቅ ቀናት ይፈጃል፤ ምዕራፉ ደግሞ ከፈተና በፊት ማለቅ አለበት። በ8ኛ ክፍል ፈተና ላይ የሁለቱ ሃይላንዶች ውጤት በሠንጠረዥ ቀርቦ «በዚህ ሙከራ እኩል መሆን ሲገባው ያልሆነው ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ቢወጣ፣ በሚቀጥለው መስከረም በየክፍሉ አፈር ይገባል።