የጭነት ኪራይና የብርቱካን ገበያ

ፍሬን የሚያበቅለው መሬት ነው፤ ፍሬውን ገንዘብ የሚያደርገው ግን መንገድ ነው። መሬቱ ምንም ያህል ለም ቢሆን፥ የጭነቱ ኪራይ ከፍሬው ዋጋ የበለጠ እንደ ሆነ የአትክልተኛው ድካም ከንቱ ይሆናል። ለዚህም በአሜሪካ አገር በካሊፎርኒያና በፍሎሪዳ መካከል የሆነው የብርቱካን ፉክክር ምስክር ነው።

ፍሎሪዳ ለታላቁ ለኒውዮርክ ገበያ ቅርብ ናት፤ የካሊፎርኒያ ብርቱካን ግን ወደዚያ ለመድረስ ከ4000 ኪሎ ሜትር በላይ በምድር ባቡር መጓዝ ነበረበት። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ ወደ ሴንት ሉዊስ የተላከው የመጀመሪያው ሙሉ ፉርጎ ብርቱካን አንድ ወር ያህል በመንገድ ቈየ። በ1880ዎቹ ሁለተኛ የባቡር ኩባንያ ሎስ አንጀለስ በደረሰ ጊዜ፥ ሁለቱ ስለ ተፎካከሩ ኪራዩ ቀነሰ፤ በኋላም በረዶ የሚጫንበት ፉርጎ ፍሬውን ከመበስበስ አዳነው።

የርቀቱ ዕዳ ግን ፈጽሞ አልቀረም። ባቡር ኪራይ የሚያስከፍለው በክብደት ነው እንጂ በፍሬው ማማር አይደለም፤ ክፉውን ብርቱካን ለማድረስ የሚከፈለው መልካሙን ለማድረስ ከሚከፈለው አያንስም። ስለዚህ የካሊፎርኒያ አትክልተኞች በ1893 ማኅበር አቋቁመው፥ ልጣጩ ወፍራም የሆነውንና መንገድ የሚችለውን ፍሬ እየመረጡ ወደ ሩቅ ገበያ ይልኩ ነበር።

የፍሎሪዳ ሰዎችም በበኩላቸው ሌላ ብልሃት አገኙ። የብርቱካን ክብደት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ለውሃ ኪራይ መክፈል ደግሞ ኪሳራ ነው። በ1940ዎቹ ሊቃውንት ከጭማቂው ውሃውን አውጥተው፥ የቀረውን በረዶ አድርገው በቆርቆሮ ማሸግ ቻሉ። ገዢውም በቤቱ ለአንዱ ቆርቆሮ ሦስት ቆርቆሮ ውሃ ይጨምርበታል።

ይህም ብልሃት ለፍሎሪዳ ብቻ አልሆነም። በ1962 መጨረሻ ውርጭ አትክልቷን በመታው ጊዜ ብራዚል በዚሁ መንገድ ወደ ገበያው ገባች፤ ውሃው የወጣለት ጭማቂ በመርከብ በጥቂት ኪራይ ስለሚጓዝ የባሕሩ ርቀት አላገዳትም። ዛሬ በብርቱካን ጭማቂ ንግድ ከዓለም ፊተኛይቱ እርሷ ናት።

እንግዲህ የቀረበ በቅርበቱ አይመካ፤ የራቀም ስለ ርቀቱ ተስፋ አይቁረጥ። ስለ አትክልት ልማት የሚያስቡ ሹማምንትም ችግኙ ከመተከሉ አስቀድመው፥ አንድ ኩንታል ፍሬ እስከ ገበያው በምን ያህል ኪራይ እንደሚደርስ ይመርምሩ። መንገዱ ሳይታሰብ የተተከለ ዛፍ፥ ፍሬው ከሥሩ ወድቆ ይበሰብሳልና።