ከሠራተኛው ቀድሞ የሚወጣ ዓይን
ድሮን በግንባታ ሥራ የሚሰጠው ጥቅምና የሚጠይቀው ጥንቃቄ

በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ማለዳ ወደ አንድ ትልቅ የግንባታ ሥፍራ ብቅ ያለ ሰው፣ ክሬኑ ከመንቀሳቀሱና ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት አንዲት ትንሽ በራሪ መሣሪያ ከመሬት ስትነሣ ሊያይ ይችላል። ድሮን ከጥቂት ዓመታት በፊት የጦር መሣሪያ ወይም የሠርግ ቪዲዮ መቅረጫ በመሆን ብቻ ትታወቅ ነበር። ዛሬ ከመሐንዲሱ ንድፍና ከቀያሹ መለኪያ ጎን ቦታዋን ይዛለች።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 በሰሜን ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ 170 ኪሎ ሜትር እንዲዘልቅ የታቀደው «ዘ ላይን» የተሰኘ ከተማ ቁፋሮ መጀመሩን ብዙው ዓለም የተመለከተው ከድሮን በተቀረጸ ምስል ነበር። መሬት ላይ ለቆመ ሰው የአሸዋ ክምርና የገልባጭ መኪና ሰልፍ የሆነው ነገር፣ ከላይ ሲታይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ዋናው ጥቅም ምስሉን ማየቱ ሳይሆን ከምስሉ መለካቱ ነው። ድሮኗ ቦታውን እንደሚያርስ ገበሬ ትልም በትልም እየተመላለሰች በመቶዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎች ታነሣለች። እያንዳንዱ ፎቶ ከሚቀጥለው ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ ይደራረባል። ኮምፒውተሩም አንዱን ነጥብ በብዙ ፎቶዎች ውስጥ እየፈለገ ከፍታውንና ቦታውን ያሰላል። ከ100 ሜትር ከፍታ በተለመደው የቅየሳ ካሜራ ሲነሣ፣ የምስሉ አንድ ነጥብ መሬት ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወክላል። ይህ ሁሉ ግን የሚታመነው ቀያሹ አስቀድሞ መሬት ላይ በለካቸው ምልክቶች ሲመሳከር ነው። ስለዚህ ድሮን የቀያሹን ድካም ቀነሰች እንጂ ቀያሹን አልተካችም።

ጥቅሟ በአፈር ሥራ ላይ ጎልቶ ይታያል። ተቋራጩ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በቆረጠውና በሞላው ሜትር ኩብ ነው። «ይህን ያህል አፈር አነሣሁ» በሚለው ተቋራጭና «አላነሣህም» በሚለው አማካሪ መሐንዲስ መካከል የሚነሣው ክርክር ሥራን ያጓትታል፤ የሠራተኛውንም ደመወዝ ያዘገያል። ከቁፋሮው በፊትና በኋላ የተደረጉ ሁለት በረራዎች ልዩነቱን ያሳያሉ፤ መዝገቡም ለሁለቱም ወገን ይቀራል። ልክ አደራ ነውና፣ አደራውን የሚያስጠብቅ ማስረጃ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ከገንዘቡ በላይ የሚከብደው የሰው ሕይወት ነው። በግንባታ ሥራ ሰውን ለሞት ከሚዳርጉት አደጋዎች ግንባር ቀደሙ ከከፍታ መውደቅ ነው። የፎቅ ውጫዊ ግድግዳ ተሰነጠቀ፣ የድልድይ ሆድ ዛገ ሲባል፣ ቀድሞ ሰው በገመድ ታስሮ ወይም በመወጣጫ ርብራብ ላይ ቆሞ ይመረምር ነበር። አሁን ካሜራዋ ቀድማ ትወጣለች። የሙቀት ካሜራ ስትይዝ ደግሞ ከግድግዳው ጀርባ የገባውን እርጥበት በሙቀት ልዩነቱ ልትጠቁም ትችላለች። ሆኖም ልስኑ መላቀቁን በመዶሻ አንኳኩቶ ከድምፁ የሚለየው ባለሙያው ነው። ድሮን ታመለክታለች፤ ቁርጡን የሚናገረው ቀርቦ የነካው ሰው ነው።

የአካባቢው ጠባይም ይፈትናታል። የአብዛኞቹ ድሮኖች ባትሪ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው። ብዙዎቹም የተሠሩት ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ለሚደርስ ሙቀት ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በቀጥታ ፀሐይ ላይ መሥራት የተከለከለ መሆኑ ይታወቃል። ሰውን የሚጎዳው ያ ሐሩር መሣሪያዋንም አይምርም። ድሮኗ ማለዳ የምትበረውም አንድም ለዚህ ነው። አቧራ፣ ድንገተኛ ነፋስና የክሬን ገመድም ጠላቶቿ ናቸው።

ሰማዩ ደግሞ ባለቤት አለው። በሳዑዲ ዓረቢያ ድሮን የሚያበር ሰው ከሲቪል አቪዬሽን ጠቅላይ ባለሥልጣን ምዝገባና ፈቃድ ይጠየቃል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 አቡዳቢ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ የግል በረራን አግደው፣ ለሥራ ውል የሚያስፈልጋቸው ግን ልዩ ፈቃድ የሚጠይቁበትን መንገድ ትተው ነበር፤ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ እገዳው ደረጃ በደረጃ ላልቷል። ከጸጥታው ሌላ የጎረቤት ክብር አለ። በዚህ አካባቢ የግቢ አጥር ከፍ ብሎ የሚሠራው የቤተሰብ ገመና እንዲጠበቅ ነው። አጥሩን ከላይ የምትዘል ካሜራ ወደ ሥራው ብቻ እንድታይ ማድረግ የአብራሪው ግዴታ ነው።

ያው ጥያቄ ለሠራተኛውም ይነሣል። ከላይ የምታይ ዓይን ያልታሰረ ቀበቶን አይታ ሰውን ልታድን ትችላለች፤ ጥላ ሥር ያረፈበትን ደቂቃ ልትቆጥርበትም ትችላለች። መሣሪያዋ አንድ ናት፤ ልዩነቱ ያለው በላኳት ሰዎች እጅ ነው። ለምን እንደምትበርና ምስሉ የት እንደሚሄድ ለሠራተኛው አስቀድሞ የሚነግር አሠሪ፣ ከመሣሪያዋም ከሰውየውም የተሻለ ሥራ ያገኛል።