የዐድዋን ተራሮች ስለ መጐብኘት

የዐድዋን ድል በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን እናከብራለን፤ ጦርነቱ የተደረገበትን ምድር በዓይኑ ያየ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። ቦታውን ሳያዩ ታሪኩን መረዳት ይቻላል የሚል ሰው ቢኖር፥ አንድ የኮረብታ ስም ያመጣውን ነገር ያስተውል።

ከዐድዋ ከተማ ወደ ምሥራቅ ቢመለከቱ ሰማያታ፥ ራእዮ፥ በላሕና አባ ገሪማ የተባሉት ተራሮች ቀጥ ብለው ቆመው ይታያሉ። እነዚህ በጥንት ዘመን ከምድር ውስጥ የወጣ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የረጋባቸው ናቸው፤ በዙሪያቸው የነበረውን ለስላሳ ድንጋይ ዝናምና ጐርፍ ሲጠርገው ጠንካራው ብቻ ቆሞ ቀረ። ስለዚህም አገሩ በጠባብ ሸለቆ የተከፋፈለ፥ እንግዳን የሚያሳስት ነው።

የኢጣልያ ጦር አዛዥ ጀኔራል ባራቲዬሪ ከ17,000 በላይ የሚሆነውን ሠራዊቱን በ1888 ዓ.ም. ለየካቲት 23 አጥቢያ ሌሊት ሲያንቀሳቅስ፥ ጀኔራል አልቤርቶኔ ኪዳነ ምሕረት የተባለውን ኮረብታ እንዲይዝ አዘዘ። ነገር ግን በእጃቸው የነበረው ንድፍ ይህን ስም የጻፈው በሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። አልቤርቶኔ ከዚያ በደረሰ ጊዜ መንገድ መሪው እውነተኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደ ፊት መሆኑን ስለ ነገረው አልፎ ሄደ፤ ሲነጋም ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ተገኘ። ጀኔራል ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ከሌሎቹ ተነጠለ። በዚያ ቀን ዳቦርሚዳና አሪሞንዲ ሞቱ፤ አልቤርቶኔ ተማረከ። ድሉ የተገኘው በንድፍ ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም፤ ከየአገሩ ተጠርቶ የመጣ ጀግና ሠራዊት ባይጠብቀው ኖሮ ስሕተቱ ስሕተት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከጦር ሜዳው አጠገብ የአባ ገሪማ ገዳም አለ። በዚያ የሚጠበቁት ባለ ሥዕል የብራና ወንጌሎች በዓለም ካሉት እጅግ ጥንታውያን መካከል ናቸው፤ በምርመራም ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምእት ዓመት ባለው ዘመን መሠራታቸው ታውቋል። በገዳሙ ልማድ ሴቶች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስለማይገቡ ከቤተሰብ ጋር የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ደግሞ የይሓ ቤተ መቅደስ ይገኛል፤ ያለ ጭቃ የተነባበረው ጥርብ ድንጋይ ከ2,500 ዓመት በላይ ቆሟል።

ለጕዞው ከመስከረም እስከ የካቲት ያለው ወራት ይስማማል። ከ1913 እስከ 1915 ዓ.ም. በተደረገው ጦርነት ያ አገር እጅግ ስለ ተጐዳ፥ የመንገዱን ደኅንነት ሳይጠይቁ አይነሡ፤ በሜዳ የወደቀ ብረትም አይንኩ። ከዚህም በላይ የሚያርሰውን ገበሬ ሰላምታ ሰጥተው የእያንዳንዱን ኮረብታ ስም ይጠይቁት። ከቢሮአችን ሆነን አገርን በካርታና በወረቀት ለምናውቅ ለእኛ ከዐድዋ የምንማረው ይህ ነው፤ የቦታን ስም ከነዋሪው ያልጠየቀ ሹም፥ ብዙ ሠራዊት ይዞ እንኳ ሊስት ይችላልና።