ያቃተን ቦታ ላይ እንቆይ

ክራር ወይም ጊታር የሚለማመድ ጎረቤት ያለው ሰው ይህን ያውቃል። ልጁ የትዝታውን መግቢያ አሳምሮ ይጫወታል። መሃል ላይ ጣቱ የሚጠላለፍበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ይሰናከላል። ከዚያ ምን ያደርጋል? ወደ መጀመሪያው ተመልሶ እንደገና ይጀምራል። መግቢያው እንደገና ያምራል፤ ያው ቦታ ላይ እንደገና ይሰናከላል። በወሩ መጨረሻ መግቢያውን መቶ ጊዜ ተጫውቶታል፤ ያስቸገረችውን ቦታ ግን በሩጫ ነው ያለፋት። "በቀን ስንት ሰዓት ትለማመዳለህ?" ብትሉት "አንድ ሰዓት" ይላል፣ አልዋሸም። "ያቺን ያቃተችህን ቦታስ?" ብትሉት ግን ምናልባት ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ይህ የክራር ችግር ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛውን ማሻሻል የሚፈልግ ሰው ፊልም ያያል እንጂ አያወራም። ኤክሴል የሚማር ሰው ቀመሩን ትቶ የሠንጠረዡን ቀለም ያሳምራል። ሒሳብ የሚያጠና ተማሪ ትናንት የሠራውን ጥያቄ መልሶ ይሠራል። የምንችለውን መሥራት ደስ ይላል፤ የማንችለው ላይ መቀመጥ ያናድዳል፣ አንዳንዴም ያሳፍራል። ስለዚህ ሳይታወቀን ሰዓታችን የሚያልቀው ደስ የሚለው ላይ ነው።

ኢኮኖሚክስ ላጠና ሰው ነገሩ የአንደኛ ዓመት ትምህርት ነው። ውኃ ሲጠማችሁ የመጀመሪያው ብርጭቆ ነፍስ ይዘራል፣ ሁለተኛው ደስ ይላል፣ አምስተኛው ሆድ ይነፋል። እየቀነሰ የሚሄድ ተጨማሪ ጥቅም ይሉታል። ጊዜም እንደዚያው ነው። ለዓመታት የሠራችሁት ነገር ላይ አንድ ሰዓት ብትጨምሩ ለውጡ በዓይን አይታይም። ገና የማትችሉት ነገር ላይ የምታውሉት የመጀመሪያ ሰዓት ግን ብዙ ይቀይራል። ችግሩ ስሜታችን ተቃራኒውን መንገሩ ነው፤ በልምምድ ጊዜ የሚጣፍጠን አምስተኛው ብርጭቆ ነው፣ የመጀመሪያው ይመረናል።

10 ሺህ ሰዓት ውስጥ ምን አለ?

"10 ሺህ ሰዓት የተለማመደ ሰው ሊቅ ይሆናል" የሚለውን አባባል ቲክቶክ ላይም ቴሌግራም ላይም ሳታዩት አትቀሩም። ዝነኛ ያደረገው ማልኮም ግላድዌል እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመው "አውትላየርስ" የተባለ መጽሐፍ ነው። የቁጥሩ ምንጭ ደግሞ ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አንደርስ ኤሪክሰን ከባልደረቦቹ ጋር በ1993 ያሳተመው የበርሊን ቫዮሊን ተማሪዎች ጥናት ነው። ምርጦቹ ተማሪዎች 20 ዓመት ሲሞላቸው በአማካይ 10 ሺህ ሰዓት ገደማ ብቻቸውን ተለማምደው ነበር። አማካይ ነው እንግዲህ፤ ከዚያ በታች የነበሩም ነበሩ። ኤሪክሰን ራሱ ቁጥሩ ሕግ ተደርጎ መወሰዱን አልወደደውም። የሱ ጥያቄ በሰዓቱ ውስጥ ምን ተሠራ የሚል ነበር። በዚያው ጥናት ቫዮሊኒስቶቹ ብቻን መለማመድ ለመሻሻል እጅግ እንደሚጠቅም ተናግረዋል፤ እጅግ ያዝናናል ግን አላሉም።

ከዚያ በፊት ኤሪክሰን አሜሪካ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሠራው አንድ ሙከራ ደግሞ ነገሩን በደንብ ያሳያል። በ1980 ታትሟል። አንድ ተራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያስቀምጣሉ። በየሰከንዱ አንድ አሃዝ ይነበብለታል፤ ሲያልቅ በቅደም ተከተል ይደግማል። መጀመሪያ ላይ እንደ ብዙዎቻችን 7 አሃዝ ያህል ነበር የሚይዘው። የልምምዱ ደንብ ቀላል ነው፦ በትክክል ከደገመ ቀጣዩ ዝርዝር በአንድ አሃዝ ይረዝማል፤ ከሳተ በአንድ ያጥራል። ማለትም ተማሪው ሁልጊዜ የሚቀመጠው ችሎታው የሚያልቅበት ድንበር ላይ ነው። ሲመቸው ይከብዳል፣ ሲከብደው ትንሽ ይቀላል። ከ230 ሰዓት በላይ ከተለማመደ በኋላ 79 አሃዝ መድገም ቻለ።

እንዴት? ልጁ የረጅም ርቀት ሯጭ ነበር። የሚሰማቸውን አሃዞች በሩጫ ሰዓት እየቋጠረ ይይዛቸው ጀመር። 3492 ለሱ ሦስት ደቂቃ ከ49 ነጥብ 2 ሰከንድ ሆነ፣ ጥሩ የአንድ ማይል ሰዓት። ከመጀመሪያው ቀን ይህን ዘዴ ይዞ አልመጣም፤ እያቃተው ሲቀጥል ያገኘው ነው። ደስ የሚለው ሌላኛው ውጤት ደግሞ ይሄ ነው፤ በአሃዝ ፋንታ ፊደል ሲነበብለት የያዘው 6 ገደማ ብቻ ሆነ። የተለማመደው ነገር ላይ ነው የጎበዘው፣ ሌላው ቦታ ላይ እንደ ማንኛችንም ነው። ፊልም በማየት የንግግር ችሎታ የማይመጣው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳኝ ነገር አላገኘሁም።

ልምምድ ግን ተአምር አይደለም። በ2014 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩ ተመራማሪዎች በሰዎች መካከል ካለው የብቃት ልዩነት ውስጥ ልምምድ የሚያብራራው በሙዚቃ 21 በመቶ፣ በስፖርት 18 በመቶ፣ በትምህርት 4 በመቶ ያህሉን እንደሆነ አግኝተዋል። ስለዚህ "ተለማመድ፣ ኃይሌን ትሆናለህ" የሚላችሁን ሰው አትስሙት። የኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ከዓምናው እኔ የዘንድሮው እኔ ይሻላል ወይ? ለዚያ ኃይሌን መሆን አያስፈልግም።

ቪዲዮ አይቶ የመማር ስሜት

የኛ ትውልድ የራሱ ፈተና አለው። ማንኛውንም ነገር የሚያስተምር ቪዲዮ ኪሳችን ውስጥ ነው። አስተማሪው ሲሠራው እናያለን፣ ይገባናል፣ "ቀላል ነው እኮ" እንላለን፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። መግባትና መቻል ግን ለየቅል ናቸው።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። አንድ ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጡ። አንደኛው ቡድን አራት ዙር ደጋግሞ አነበበው። ሌላኛው አንድ ዙር አንብቦ፣ በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት 83 በመቶ፣ ሌሎቹ 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 40 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ። ዕለቱን የጎበዘው ሰው ሳምንት ላይ ወደ ኋላ ቀረ።

እዚህ ላይ ለብዙዎቻችን ከባድ ጉዳይ አለ። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ሥልጠና አንስቶ እስከ ዓለም አቀፍ የኦንላይን ኮርሶች፣ ሰርተፊኬት በስልክ ማግኘት እንደ ዛሬ ቀሎ አያውቅም። በጣም ጥሩ ዕድል ነው። ግን ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ሰው ሰባት ሰርተፊኬት ይዞ ቃለ መጠይቅ ይገባና "እስቲ ይህን ዳታ ክፈትና የየወሩን ሽያጭ ለይተህ አሳየን" ሲባል እጁ ይደርቃል። ቪዲዮው ላይ የተንቀሳቀሰው የአስተማሪው እጅ ነበር። ለሥራው የመጡት ብዙ ናቸው፣ ቦታው አንድ ነው፣ ያቺ አምስት ደቂቃ ደግሞ ብዙ ትወስናለች።

የቅኔ ቤቱ ዘዴ

የበርሊኑን ጥናት ሳነብ ትዝ ያለኝ የቅኔ ትምህርት ቤት ነው። የጎንጅ፣ የዋሸራና የዋድላ ሊቃውንት ይህን ሥርዓት ሲሠሩበት ኖረዋል። ተማሪው ከትንሹ ይጀምራል፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ያን ሲችል ወደሚቀጥለው ያልፋል፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ድረስ ይወጣል። ቋንቋው ማንም አፉን ያልፈታበት ግዕዝ ነው። ተማሪው ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ከዚያ መጥቶ ለመምህሩ ይነግራል። ዜማ ቤቱ ከጎደለ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልተስማማ እዚያው ይታረማል። ትናንት የተደነቀበትን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አይቻልም፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ ነው።

ልብ በሉ፣ ኤሪክሰን የሚላቸው ነገሮች እዚህ አሉ፦ ትንሽ ቁራጭ፣ ከአቅም ትንሽ ከፍ ያለ ሥራ፣ ወዲያው የሚመጣ እርማት፣ ነገ ደግሞ ሌላ። ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን ስህተቱ ቦታ የተሰጠው መሆኑ ነው። የቅኔ ተማሪ ጎዶሎ ይዞ መቅረቡ የትምህርቱ አካል ነው፤ ሊታረም ነው የመጣው።

እኛ ጋ የጎደለው ይሄ ይመስለኛል። "ሰው ምን ይለኛል" የሚለው ይሉኝታ የማንችለውን ነገር በሰው ፊት እንዳንነካው ያደርገናል። ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ ሲናገር ተሳስቶ የተሳቀበት ልጅ ከዚያ በኋላ አፉን አይከፍትም፤ ስላልከፈተ አይሻሻልም፤ ስላልተሻሻለ የበለጠ ያፍራል። ስለዚህ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት የምንሳሳትበት ቦታ መፈለግ አለብን። ለአንዳንዱ የማያሾፍ ጓደኛ ነው፣ ለአንዳንዱ በሩን የዘጋ ክፍልና የስልክ ድምፅ መቅጃ።

እርማት መጠየቅም ዘዴ አለው። እኔ ጽሑፍ ለጓደኞቼ ልኬ "እንዴት ነው?" ስል መልሱ ሁልጊዜ "ቆንጆ ነው፣ በርታ" ነው። ከፍቅር ነው የሚሉት፣ አልከፋም፣ ግን ምንም አላገኘሁበትም። አሁን "የቱ ጋ ሰለቸህ?" ብዬ ነው የምጠይቀው። ያኔ ሰው ሳይሳቀቅ "ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ለቀቅኩት" ይላል። ነገ የምሠራበት ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

ሁሉንም ነገር ነው ወይ?

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሳል። "ጎበዝ የሆንኩበትን ትቼ ለምን ደካማዬ ላይ እደክማለሁ?" ዴቪድ ሪካርዶ በ1817 ያስረዳን አንጻራዊ ብልጫም የሚለን የሚሻለንን ሠርተን ሌላውን እንለውጥ ነው። እውነት ነው፤ የቤታችሁን ቧንቧ ለመጠገን ቧንቧ ሠራተኛ መሆን አይጠበቅባችሁም። ግን ሪካርዶ የሚነግረን ዛሬ ባለን ችሎታ ምን እንደምንሸጥ ነው፣ ነገ ምን እንደምንችል አይደለም። ደግሞ በገንዘብ የማይለወጡ ነገሮች አሉ። በናንተ ፋንታ ቃለ መጠይቅ የሚገባላችሁ ሰው የለም።

ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ይሁን፦ ደካማ ከሆናችሁበት ሁሉ ውስጥ አንድ ብቻ ውሰዱ፣ ያውም የምትችሉትን ነገር አንቆ የያዘውን። ጎበዝ አካውንታንት ሆና ሪፖርቷን ስብሰባ ላይ ማስረዳት የሚያስፈራት ልጅ ሌላ የሒሳብ ኮርስ አያስፈልጋትም። ግሩም ፎቶ የሚያነሳ፣ ዋጋ መደራደር ግን የሚያቅተው ልጅም አዲስ ሌንስ አይፈታለትም።

እኔ ዘንድሮ የያዝኩት በቃል ማስረዳትን ነው። ጽሑፍ ላይ አስቤ አጠፋለሁ፣ እጽፋለሁ፤ በአፍ ግን ያ የለም። ልምምዴ አንድ የኢኮኖሚ ዜና ወስጄ፣ የእንግሊዝኛ ቃል ሳልጨምር፣ በሁለት ደቂቃ ለአክስቴ ማስረዳት ነው። አንድ ቀን የዋጋ ንረት ቀነሰ የሚለውን ዜና አስረዳኋት። ጸጥ ብላ ሰምታ "ታዲያ ልጄ፣ ሽንኩርቱ ለምን አልረከሰም?" አለችኝ። ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ እንጂ ዋጋው ወረደ ማለት እንዳልሆነ አውቃለሁ። በአፍ ለማስረዳት ግን አራት ሙከራ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ያዳነኝ ታክሲ ነው፤ "ሾፌሩ ፍጥነት ቀነሰ እንጂ ወደ ኋላ አልተመለሰም" ስላት "እህ!" አለች። ያችን "እህ!" ያመጣት ሦስት ጊዜ ያልገባት መሆኑ ነው።

መጀመር ለሚፈልግ ሰው ዕቃው እጁ ላይ ነው። ቪዲዮውን አቁማችሁ ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ ያያችሁትን ሳታዩ ሥሩት። እንግሊዝኛ ከሆነ "ስለራስህ ንገረን" ለሚለው ጥያቄ ሁለት ደቂቃ መልሳችሁ ስልካችሁ ላይ ቅዱት። መጀመሪያ ስትሰሙት ምናልባት ያስቃችኋል፣ ወይ ያሸማቅቃችኋል። ማንም አልሰማውም። የተደናቀፋችሁበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ነገ ከመጀመሪያው አትጀምሩ፣ ከዚያችው ዓረፍተ ነገር ጀምሩ።