ሳይታመሙ መሸከም፦ ከበረት ወደ አንጀት የሚሻገሩ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች

ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ደብረ ብርሃን አንሥቶ እስከ አንኮበር በሚዘልቀው ደጋ፣ ኩበት ከባሕር ዛፍ ጋር ዋነኛ ማገዶ በመሆኑ፣ እበት የሚጣል ጥራጊ ሳይሆን በባዶ እጅ ተዝቆ፣ ተለውሶና ተጠፍጥፎ ለፀሐይ የሚሰጣ ሀብት ነው። ብርዱ ስለሚጠነክርም በብዙ የገበሬ ቤት በግና ጥጃ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ። እንዲህ ባለ አኗኗር የከብት አንጀት ባክቴሪያና የሰው አንጀት ባክቴሪያ ጎረቤታሞች ናቸውና፣ ላም የተወጋችው መድኃኒት ባለቤቷን አይመለከተውም ማለት ያዳግታል።

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን የሚገድል ወይም እንዳይራባ የሚገታ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው መድኃኒት ሳይሠራለት ሲቀር «ሰውነቴ ለመደው» ይላል፤ የሚላመደው ግን ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። መድኃኒቱ ደካሞቹን ሲጨርስ፣ በዘር ለውጥ ምክንያት መቋቋም የቻሉት ጥቂቶች ባዶውን ስፍራ ወርሰው ይራባሉ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፣ የመቋቋሚያው ዘረመል ብዙ ጊዜ ፕላዝሚድ በሚባል፣ ከባክቴሪያው ዋና ዘረመል ተነጥሎ በሚገኝ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ መጻፉና ቀለበቱም ተቀድቶ ለሌላ ዝርያ ባክቴሪያ ሳይቀር መተላለፉ ነው። ስለዚህ ከበግ የመጣው ባክቴሪያ በሰው አንጀት ውስጥ ባይሰነብት እንኳ፣ ከማለፉ በፊት ቅጂውን ለነባሩ አውርሶ ሊሄድ ይችላል። ተቀባዩ ሰው ምንም አይሰማውም፤ ጉዳቱ የሚታየው ምናልባት ከወራት በኋላ፣ ያው ባክቴሪያ ወደ ሽንት ቧንቧ ወይም ወደ ደም ገብቶ የታዘዘው መድኃኒት ሳይበግረው ሲቀር ነው።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ስቱዋርት ሌቪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ በቦስተን አቅራቢያ በሚገኝ እርሻ ኦክሲቴትራሳይክሊን የተቀላቀለበት መኖ የሚበሉ ጫጩቶችን ከእርሻው ነዋሪዎች ጋር ተከታትለዋል። የጫጩቶቹ የአንጀት ባክቴሪያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሞላ ጎደል መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆነ፤ በ6 ወር ውስጥ ደግሞ ለውጡ መኖውን ባልቀመሱት ጤነኛ የቤተሰቡ አባላት ላይ ታየ። በየሳምንቱ ከነዋሪዎቹ ከተወሰደው የሰገራ ናሙና 31.3 በመቶው ከ80 በመቶ በላይ የዚያው መድኃኒት ወገን የሆነውን ቴትራሳይክሊንን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች ሲገኙበት፣ በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ይህ መጠን 6.8 በመቶ ብቻ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት አንቲባዮቲክን ለማደለቢያነት ከመኖ ጋር መቀላቀልን ሙሉ በሙሉ ያገደው ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ሠላሳ ዓመት መዘግየቱ ነው።

የአውሮፓው መፍትሔ ግን ከላይ ለተነሣው የሰሜን ሸዋ ደጋ እንዳለ አይገጥምም። የመንዝ በግ አርቢ መድኃኒት ከመኖ ጋር የሚያቀላቅልበት አቅምም ልማድም የለውም፤ የእርሱ ችግር ብዛት ሳይሆን ጉድለት ነው። ለበግ የሳንባ ምችም ሆነ ለላም የጡት በሽታ በአገሪቱ በሰፊው የሚወጋው ያው ኦክሲቴትራሳይክሊን ሲሆን፣ ገንዘብ ሲያጥር ወይም እንስሳው የተሻለው ሲመስል ሕክምናው በግማሽ ይቋረጣል፤ ክብደት በዓይን እየተገመተም መጠኑ ያንሳል። ባክቴሪያን ሳይገድል የሚያስለምድ መጠን ማለት ይኸው ነው። የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ስርጭቱን ለመቆጣጠር የወጣ ቢሆንም፣ አዋጅ በረት ውስጥ ገብቶ የመርፌውን ልክ አይለካም።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ለወተት በሚረቡት ዲቃላ ላሞች ዘንድ ሌላ መንገድ ይከፈታል። የታከመች ላም ወተት በመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ለተጻፉት ቀናት ከገበያም ከቤትም መራቅ ሲገባው፣ የዕለት ገቢን ማፍሰስ ስለሚከብድ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል። ማፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ የመድኃኒቱን ቅሪት ሙሉ በሙሉ አያጠፋም። ቅሪቱን በቤት ውስጥ ቀድሞ ሊያጋልጥ የሚችለው እርጎ ነው፤ ወተትን የሚያረጉት ራሳቸው ባክቴሪያዎች በመሆናቸው፣ መድኃኒት ያለበት ወተት ለመርጋት ይዘገያል ወይም ጨርሶ እምቢ ይላል። ሆኖም በማሰሮው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የተላመዱ ከሆኑ፣ ቅሪት ያለበት ወተትም እንደ ወትሮው ይረጋል።